ሁሉም መሣሪያ አንደኛ የሆነበት ክፍል

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ሙሉ ጤና የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ታመው፣ የቆየ የራጅ ምስልዎን ከራስዎ ክፍል ለመጠየቅ እንዲገደዱ ለጠላቴም አልመኝምና።

እኔ ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ እኅቴ ነው። ሐኪሟ ሳንባዋ ላይ አንድ ነጥብ አይቷል። ነጥቡ ከዓመታት በፊት እዚሁ በተነሣችው ራጅ ላይ ካለ፣ የቆየ ጠባሳ ነውና ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም፤ ከሌለ ግን ደረቷ መከፈት አለበት። ያ ምስል ያለው በአሮጌ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩን የሚያነብበው አሮጌ መሣሪያ ደግሞ የሚገኘው እርስዎ ዘንድ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ፍትሐዊነትዎ አመሰግናለሁ። ዲስክ ማንበቢያው፣ ስካነሩና የቴፕ መቅጃው ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚገናኙት በሰልፍ ነው፤ የመጀመሪያው ኮምፒዩተሩ ላይ፣ ሌላው በእሱ ጀርባ፣ ሌላው ደግሞ በዚያኛው ጀርባ ይሰካል። ኮምፒዩተሩ እንዳይምታታበት እያንዳንዱ ከጀርባው ባለች ማዞሪያ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ መጠሪያ እንጂ ማዕረግ አይደለም። ይሁን እንጂ የራጅ ክፍሉ ኃላፊና የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ የእኔ መሣሪያ እንዴት ሁለተኛ ይባላል ብለው ሲኳረፉ፣ እርስዎ በታላቅ አስተዋይነት ሁሉንም አንድ ቁጥር ላይ አዙረው አስታረቋቸው። አሁን ኮምፒዩተሩ ሲጣራ ሁሉም እኩል አቤት ይላሉ፤ እሱም ግራ ተጋብቶ ማንንም አላገኘሁም ይላል። ኃላፊዎቹ ግን ሰላም ናቸው።

አንደኛ፤ ይህኛውን ቅሬታ ሁለተኛ ብዬ ላስከፋው ስላልፈለግሁ ነው፤ ስለ ጽዳት ወዳድነትዎ አመሰግናለሁ። በሰልፉ መጨረሻ ባለው መሣሪያ ጀርባ ገመድ የሌላት፣ አውራ ጣት የምታህል መሰኪያ ነበረች። ሥራዋ የሰልፉን ጫፍ መዝጋት ነው፤ እሷ ከሌለች መልእክቱ ጫፍ ደርሶ ይመለስና ከኋላው የሚመጣውን ያበላሻል። እርስዎ ግን ምንም ያልተሰካባት ሥራ ፈት መስላ ታየችዎና ነቀሏት። ሥራ ፈት ከቢሮው የማስወጣቱን ዘመቻ ከየት ልጀምር ብለው ቢያማክሩኝ ኖሮ፣ አንድ ወንበር በጠቆምኩዎ ነበር።

አሁንም አንደኛ፤ ስለ መስተንግዶዎ። ማተሚያ ቤት እንዲህ ያለውን የመሣሪያ ሰልፍ ስሰካና ስነቅል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ማዞሪያዎቹን እኔ ላስተካክል ብዬ ለመንኩዎ። ለባለሙያ ይተዉት ብለው በሩን አሳዩኝ። እኅቴ ኮሪደሩ ላይ ሳሏን በመሐረብ አፍና ትጠብቀኝ ነበር። ምን አሉህ ስትለኝ፣ እየፈለጉልሽ ነው አልኳት። እኅቴን ዋሽቼ አላውቅም ነበር፤ ለዚያች ውሸት ስለዳረጉኝ፣ በታላቅ አክብሮት፣ እንቅዎታለሁ።

ሐኪሟ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም ብሏል። ምስሉ ካልተገኘ ሐሙስ ጠዋት ደረቷን ይከፍታል፤ ምናልባትም የቆየ ጠባሳ ለማየት።

ለእርቅ፣ ለእኩልነትና ለጠራ ጠረጴዛ ያለዎትን ፍቅር እያደነቅሁ፣ ከበርዎ ውጭ ላለችው አግዳሚ ወንበር ታማኝ ደንበኛ ሆኜ እሰናበትዎታለሁ፤

የታማሚዋ ወንድም

ሳልረሳው፤ ያቺ መሰኪያ የት እንደገባች ክፍልዎ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ ግን በሩን ሲያሳዩኝ አይቻታለሁ፤ ጣትዎ ላይ ከሚያሽከረክሩት የመኪና ቁልፍ ጋር በሽቦ ታስራ ተንጠልጥላለች። ስለዚህ ሐሙስ ሳይደርስ ቁልፍዎን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያውሱን፤ ማዞሪያዎቹንም በዚያው አስተካክላለሁ። መኪናዎን አንነካም።