የአዋላጇ መኪና ቋ ስትል

ጥቅምት 3

ብዕሩን የያዘችው ታናሽ እህቴ ናት። ቃሉ የኔ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ስትተይብ ኖራ፣ ጡረታ ወጥታ እኔ ላይ ወድቃለች። እሷ ግን የወደቅከው አንተ ነህ ትላለች። ይህንንም ጻፊው።

ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። እኔ ሞተር ስፈታ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ባትሪ ያበራልኝ ነበር።

ዛሬ አዋላጇ መጣች። በየገጠሩ እየዞረች የምታዋልድባት ፎር ዊል መኪና ሃያ ዓመት ከኔ እጅ ወጥታ አታውቅም። ባለፈው ሳምንት የኋላ ባሌስትራዋን፣ ከሥር የሚሸከማትን ተደራራቢ ብረት፣ ቀይሬላት ነበር። አዲስ ባሌስትራ ቦታውን ሲይዝ ብሎኖቹ ይላላሉ፤ ሳምንት ተነድቶ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው። ለዚያ ነው የመጣችው።

ግን ወደኔ ከመምጣቷ በፊት ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየኋት። ግራኙ ደጅ። አሥራ አንድ ዓመት እኔ ጋ ሠርቶ፣ ክሪክ የት እንደሚገባ ከኔ ተምሮ፣ ፊት ለፊቴ ጋራዥ የከፈተው ግራኝ። ይሳሳቃሉ። ምን ያስቃል?

«ጋሼ፣ ብሎኑን ሊያጠብቁልኝ ቀጥረውኝ ነበር።»

«ሥራ በዝቶብኛል። ሌላ ቀን።»

ምንም ሥራ አልነበረኝም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው ያልኳት።

ጥቅምት 6

አልመጣችም። ትቅር።

ጥቅምት 19

መኪናዋ ግራኙ ግቢ ገብታለች! ጎረቤቴ ጎማ ጠጋኙ ሊነግረኝ እየሮጠ መጣ፤ እኔ ዓይን የለኝም ይመስል።

«ነዳጅ ስትሰጣት ቋ፣ ስትለቅ ቋ ትላለች አሉ። ደንበኛዎን ተነጠቁ እንዴ?»

«አንተ ጎማህን ጠግን።»

ወንበሬን ግን ወደ በሩ አስጠግቼ ግራኙን አየሁት። ጎማዎቹን በድንጋይ አገደ። ማርሹን ነጻ አደረገ። ከሥር ገባና ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ በእጁ ወዲያና ወዲህ ጠመዘዘው። ጂዮኮ መፈለጉ ነው፣ ብረት ከብረት ሳይገናኝ የሚላወሰውን ክፍተት። ከዚያ ካቻቪቴ ሰክቶ ክሮቸራውን ፈለቀቀ፣ የዘንጉን መጋጠሚያ። ከዚያ ዲፈረንሻሉን፣ ዙሩን ለኋላ ጎማዎቹ የሚያከፋፍለውን። እኔ ያስተማርኩት ቅደም ተከተል፣ አንድ አላዛነፈም። ሌባ!

እህቴ ሳቀች። «ያስተማርከውን መሥራት ስርቆት ነው?»

ጻፊ። አትከራከሪ።

ጥቅምት 20

አሁንም በግራ እጁ ነው የሚያጠብቀው። ያስጠላል።

ጥቅምት 22

ጎማ ጠጋኙ ወሬ ይዞ መጣ። ክሮቸራው ትንሽ ጂዮኮ አለው፣ ካምቢዮው ትንሽ፣ ዲፈረንሻሉ ከሁሉም ትንሽ ይበልጣል። ያረጀች መኪና ናት፤ ሲደማመር ይጮኻል። ግራኙ ዲፈረንሻሉን ሊያወርድ ነው።

ያውርድ። ደስ አለኝ። ለራሴ ከዋሸሁ ለማን እውነት ልናገር ነው? ሦስት ቀን ተኝቶባት፣ ፈትቶ፣ ገጥሞ፣ እዚያው ደጁ ላይ ቋ ስትልበት ማየት አማረኝ።

ጥቅምት 23

ከማውረዱ በፊት አንዴ ድምፁን ልስማ ብሎ አዋላጇን ደጁ ላይ ፊትና ኋላ አስነዳት። እኔ ከወንበሬ ሆኜ አያለሁ።

የኋላ ማርሽ አስገባች... ጎማዋ ቀደመች። ሰውነቷ ሳይነቃነቅ ጎማዋ ብቻዋን አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ ቋ። ወደ ፊት ስትልም እንደዚያው።

ከሥር የተኛ ሰው ይህን አያይም። በክሪክ ከተነሣችማ ጭራሽ። ይህን የሚያየው ማዶ ተቀምጦ በቅናት ዓይኑን ያልነቀለ ሰው ነው። ዘንጉም ደህና፣ ዲፈረንሻሉም ደህና። የኋላው አክስል፣ ሁለቱን ጎማ የያዘው ብረት፣ ራሱ ባሌስትራው ላይ እየተንሸራተተ ነው። ብሎኖቹ ላልተዋል።

የማን ብሎኖች?

ብዕሩን አስቀምጪ።

ጥቅምት 24

አልተናገርኩም። ዛሬ ዕቃ ሊገዛ ሄደ፤ ነገ ሊፈታ ነው። ዲፈረንሻል ለማውረድ ባሌስትራ አይነካም። ስለዚህ አያገኘውም። ገጥሞ ይሰጣታል። አዋላጇም ወደ ገጠር የሚወርደውን ቁልቁለት ትይዘዋለች... አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚይዘው የመሐሉ ብሎን ከተበጠሰ መኪናዋ መሪ አትሰማም።

ብናገርስ? ሽማግሌው ብሎን ማጥበቅ ረሳ ይባላል። ረስቼ ቢሆን ምን ነበረበት!

«ቅናት ነው ጋሼ» አለችኝ እህቴ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

...ነው።

ጥቅምት 25

ተሻገርኩ። ጋራዡን ከከፈተ አራት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም። ከመኪናዋ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።

«ውጣ።»

«አለቃ! ምነው በደህና?»

«ዲፈረንሻሉን ተወው። የሚሄደው አክስሉ ነው። የባሌስትራውን ብሎን እየው።»

ቁልፍ አገባበት። አንድ ዙር ተኩል ዞረለት። የመሐሉን ብሎን አውጥቶ መዳፉ ላይ አሳየኝ። ግማሹ ተበልቷል።

«አለቃ፣ ከሥር ተኝቼ ያላየሁትን እንዴት አዩት?»

«ዓይኔን ስላልነቀልኩብህ።»

ሳቀ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብሎን ነው፣ ይላላል። ለሷ እኔ እነግራታለሁ» አለኝ። ሊሸፍንልኝ! እሱ! ይሄ ከሁሉም ባሰብኝ።

አዋላጇን ራሴ ጠራኋት። «ቋ የምትለው ያኔ ያላጠበቅኩልሽ ብሎን ላልቶ ነው። የዚያን ቀን የመለስኩሽ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። እዚህ ደጅ ስትስቂ ስላየሁ ነው።»



«መኪናዋን እዚህ ባመጣሁ ዋዜማ ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ ነበር» አለች። «ቁልቁለቱ ላይ ቋ ባለ ቁጥር ‹ልጁ መጣ እንዴ?› ትለኝ ነበር።»

አልሳቀችም። እኔም።

ኅዳር 2

ግራኙ የቀየራቸው ብሎኖች ዛሬ እንደገና የሚጠብቁበት ቀን ነው። ወደ ግራኙ ገባች። ወደኔ አንገቷን እንኳ አላዞረችም። ሃያ ዓመት...

አጥብቆ ሲጨርስ ግራኙ ከማዶ በእጁ ጠራኝ። «አለቃ፣ እስቲ ቆመው ይዩልኝ። ጎማዋ ትቀድማለች?»

ሄድኩ። ቆምኩ። ፊትና ኋላ አስነዳት። ጎማና ሰውነት እኩል፣ ድምፅ የለ።

«ደህና ናት» አልኩ።

አዋላጇ ሰማች። በመስታወት አየችኝና ሄደች። ሰላም አላለችኝም። መብቷ ነው።

ጎማ ጠጋኙ ሲያየኝ «ታረቃችሁ?» አለ። ምን እንታረቃለን? ቅናቱ የት ሄዶ? ግራኙ በግራ እጁ ሲያጠብቅ አሁንም ያስጠላኛል፤ ያውም በደንብ አድርጎ ያጠብቃል። ድሮ ከማዶ ሆኜ ነበር የምቀናው፤ አሁን አጠገቡ ቆሜ እቀናለሁ። ነገም ና ብሎኛል።

በቃ። አሁን የጥቅምት ሃያ አምስቱን ቀን አንብቢልኝ። «ስትስቂ ስላየሁ ነው» ያልኩበት ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ።