ለመዘምራን ቀሚስ ሲባል ስለተዋጠው ክኒን

ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ ታውሳላ
የመንደራችን የሴቶች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ሳቫኢ፣ ሳሞአ

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ልብዎስ በደንብ ይመታል? የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም፤ የታናሽ እህቴ የፉአቲኖ ልብ ከእሑድ ጀምሮ አንዴ እየጋለበ አንዴ ቀጥ እያለ ሆስፒታል ካስተኛት ወዲህ፣ የሰው ልብ ሁሉ ያሳስበኝ ጀምሯል። እርስዎ ግን፣ ተመስገን፣ ደኅና ነዎት፤ ትናንት የየቤቱን ንጽሕና እየዞሩ ሲቆጣጠሩ አይቼዎታለሁ።

አንደኛ፣ ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ምረቃ የመዘምራኑን ነጭ ቀሚስ በሙሉ በቀጭኗ ልጅዎ ወገብ ልክ ስላሰፉልን እናመሰግናለን። ቀሚስ ከማስፋት ሴት ማጥበብ እንደሚቀል እርስዎ ባይነግሩን ከየት እናውቅ ነበር?

ሁለተኛ፣ ዘመድዎ ከባሕር ማዶ የላኩልዎትን የማቅጠኛ ክኒን ከጸሎት በኋላ አሰልፈው በገዛ እጅዎ ስላጎረሱን ምስጋናችን ይድረስዎ። ፉአቲኖ ብቻ ባለጌ ሆና «እማማ፣ ምንድን ነው ያለበት? እኔ እኮ የልብ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ነርሷን ልጠይቅና ነገ ልዋጠው» አለችዎት። እርስዎም «ወይ ጉድ! ዛሬ ደግሞ በነርስ ልታስፈቅጂኝ ነው? ዋጪ፣ አፍሽንም ክፈቺና አሳዪኝ!» ብለው፣ ለድፍረቷ አንድ ካርቶን የቆርቆሮ ዓሣ ቀጧት። ቅጣቱን አስረክበናል፤ ኮሚቴው በልቶ እንደጣፈጠው ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። ሐኪሙ «ምን እንደዋጠች ሳላውቅ የምሰጣት መድኃኒት ራሱ ሊገድላት ይችላል፤ ብልቃጡን አምጡልኝ» አለን። እኔም ደጅዎ ተቀምጬ ለመንኩ። «የቤተ ክርስቲያናችን ስም ሆስፒታል ገብቶ አይነሣም፤ ሂጂ ጸልዪላት» ብለው በሩን ዘጉብኝ። ሞኟ እህቴ ይህን ሁሉ ችላ፣ ትንፋሽ ባገኘች ቁጥር «እማማን አታስቀይሚብኝ» ትላለች። እኔ ግን እንደ እሷ ጨዋ አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ።

ስለዚህ ብልቃጡን ዛሬውኑ እንዲልኩልን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባዶም ቢሆን ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ይበቃናል።

ከእግርዎ ሥር ቁጭ ብላ ያደገች፣ የሚቀጥለውን ካርቶን ዓሣ ከወዲሁ ያዘጋጀች፣

ሲየኒ

ማሳሰቢያ፦ ቢጨንቀኝ ከተማ ወርጄ የክኒኑን መልክ ለፋርማሲስቱ ነገርኩት። «ስሙ ጠፋኝ እንጂ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ባለፈው ወር አንዲት እናት ብልቃጡን ይዘው መጥተው 'ግፊት አለብኝ፣ ልዋጠው ወይ?' ብለው ጠየቁኝ። 'ማን እንደሠራው የማይታወቅ ነገር ነው፣ ልብ ያቆማል፣ ይጣሉት' አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።» የእናቲቱን መልክ ሲነግረኝ ግን እርስዎ ሆነው አገኘሁዎት። ለካስ ከመዋጥ በፊት መጠየቅን ከሁላችንም ቀድመው ያውቁበት ኖሯል! ለራስዎ ፈርተው ሳይነኩት ቀሩ፤ መጣሉ ደግሞ ቢያሳዝንዎ እኛን አጎረሱን።