ወርቅ ነው ያሉኝ

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ እታለም? አንገትሽስ ተሻለሽ? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ማለት ይህ ከሆነ። እዚህ ኮታ ባሩ ዝናቡ አላባራም፤ የእማዬን ልብሶች ባጥባቸውም አልደርቅ ብለውኛል።

በቀብሯ ሰሞን ሕመሟን በደንብ አልነገርኩሽም። ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። አሁን ግን ልንገርሽ።

ከግራ ቅንድቧ በላይ ሲቆረጥማት፣ ሐኪሙ ከዓይኗ ጀርባ የሚያድግ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብሎ ኤም አር አይ የሚባለውን የማግኔት ምርመራ አዘዘላት። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሰውነትሽ ውስጥ ብረት አለ ወይ ብዬ ሳነብላት፣ ሁለት የብረት ጥርስ አለኝ፣ ሌላ ምን ይኖረኛል፣ ባቡር መሰልኩሽ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። ጥርሷን ጽፌ ለሌላው «የለም» አልኩ። የማሽኑ ባለሙያ ዋን ሮስዲ ግን በልጅነቷ የማክ ዮንግ ጭፈራ ንግሥት እንደነበረች ሲሰማ ተጠራጠረ። እማማ፣ የድሮ ቆንጆዎች ሁሉ «የለም» ይሉኛል፣ ማሽኑ ነው የሚያሳጣቸው፣ ሱሱክ ካለ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ አላት በለሆሳስ። ለውበት ብሎ አዋቂ ዘንድ ሄዶ ፊት ውስጥ መርፌ ማስቀበር የመሃይም ሥራ ነው ብላ ተቆጣችው።

ገብታ ብዙም ሳትቆይ ፊቴን ጎተተኝ፣ አቃጠለኝ ብላ ጮኸች። አወጧት። በተነሳችው አንድ ምስል ላይ ከግንባሯ እስከ ዓይኗ ጀርባ ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ ሐኪሙ ሊያየው የፈለገውን ቦታ በሙሉ ውጦታል። በራጅ ሲያዩዋት አምስት መርፌዎች ቅንድቧ ላይ ተደርድረዋል። ዋን ሮስዲ የጥርሷ ጥላ ከአፏ አካባቢ እንደማያልፍ፣ ወርቅም ቢሆን እንዲህ እንደማያጨልም፣ ይሄ ተራ ብረት እንደሆነ ነገረኝ። የነገረው ለእኔ ነበር፤ እማዬ ሰማችው።

«ወርቅ ነው!» ብላ ጮኸች። «ወርቅ ነው ያሉኝ!»

አርባ ዓመት የደበቀችውን በአንድ አፍታ አወጣችው። ወርቅማ ሙዝ አፏ የማይገባበት ምክንያት ያኔ ገባኝ፤ መርፌ ላለባት ሴት ክልክል ነው። እኔን ግን ከመደበቋ ይልቅ መታለሏ ነው ያንገበገበኝ። ሐኪሙ መርፌዎቹን አውጥተን ደግመን እናነሳታለን ቢልም እንቢ አለች። የሚያወጣው ያስገባው አዋቂ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሞቷል፣ ሌላ እጅ ከነካው ፊቴ ይረግፋል አለች። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። በዚህ ፊት ነው ያሳደግኳችሁ አለችኝ። ሐኪሙም በጭፍን አልቀድድም አለ። በሁለት ወሯ ሞተች። አሟሟቷን አንቺም አይተሻል፤ መርፌ ያለበት ሰው በቀላሉ አይሞትም እንደሚሉት፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ነፍሷ አልወጣ አለ።

አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝ። አስከሬኗ ሲታጠብ ሴቶቹ መርፌውን ለማርከስ የሽፈራው ቅጠል ይዘው ሲገቡ፣ አንቺ ክፍሉን ለቀሽ ወጣሽ። ኀዘን ነው አልኩ። በማግስቱ በልጅነትሽ የምትሻሚኝ ወርቅማ ሙዝ ሲቀርብ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋሽው። ይሄም ኀዘን ነው አልኩ። ኳላ ላምፑር ሄደሽ ሠርግ ላይ መዝፈን ልትጀምሪ ስትይ፣ እማዬ ሦስት ቀን ይዛሽ ጠፍታ እንደነበር ግን አልረሳሁም። ያን ጊዜ አዋቂው በሕይወት ነበር።

የአንገትሽ ኤም አር አይ ሐሙስ ነው ብለሽኛል። ምንም አልጠይቅሽም፤ መልስም አትጻፊልኝ። ቅጹን ግን ራስሽ ሙዪው፣ ባልሽ አይሙላልሽ። ስለ ብረት የሚጠይቀው መስመር ላይ ስትደርሺ የእማዬን ጩኸት አስቢ። ወርቅ ነው ብለሽም እንዳትተማመኚ።

አላህ ከመልክሽ ይልቅ ዕድሜሽን ያቆይልኝ።

ቅጹ ላይ «የለም» ብላ የጻፈችው
ታናሽ እህትሽ