በአባቴ ኮሌታ ውስጥ ያገኘሁት

ውድ የቀድሞ እጮኛዬ፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደው ነው። ሰርዤ ሌላ ቃል ልተካ ብል የመጡልኝ ሁሉ በወረቀት የሚሰፍሩ አልሆኑም፤ ስለዚህ ተውኩት።

እህትህ ትናንት ቤት መጥታ ነበር። «እኔ ላስታርቃችሁ አልመጣሁም፤ ግን ምክንያቱን በራስሽ ቃል ጻፊለት። እሱ በየሄደበት ‹በአንድ ሸሚዝ ተጣላን› እያለ ነው» አለችኝ። በአንድ ሸሚዝ! አንተ ነገር ማሳጠር መቼም ታውቅበታለህ። እንግዲያው የዚያን ሸሚዝ ነገር ሳላሳጥር ልንገርህ።

የአባቴን ትከሻ ታውቀዋለህ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አንድ ቀን መኪናው ተገለበጠና ቀኝ ትከሻው ወድቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ተሰፍቶ የሚሸጥ ሸሚዝ ልኩ ሆኖ አያውቅም። አንዱ ጎን ጆሮው ሥር ሲደርስ ሌላው ደረቱ ላይ ይንጠለጠላል። ለአንገቱ የበቃው ሸሚዝ ደግሞ ሆዱ ላይ ድንኳን ይሆናል። ስንት ልብስ ሰፊ ጋ አብሬው ዞርኩ! የጎበዞቹ ዋጋ ጡረተኛ የሚቀምሰው አልነበረም። ርካሾቹ ደግሞ ሜትሩን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው፣ ዓይናቸው ቴሌቪዥን ላይ እንደተተከለ «ግድ የለም አባባ፣ ይስተካከላል» ይላሉ። አንዱማ ፊት ለፊቱ «ሸሚዙ ምንም አልሆነ፤ ጠማማው ገላቸው ነው» አለኝ። አባባ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ፊት መውጣት ሲኖርበት ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ ሹራብ ይደርብ ጀመር።

አንተ ጋ የመጣሁት ያኔ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ነበረህ። አልሳቅክም። ቤታችን ድረስ መጥተህ አባባን አቁመህ ለካኸው፤ ቀጥሎም አስቀምጠህ ለካኸው። «ሰው ቆሞ ብቻ አይኖርም» አልክ። ሸሚዙን አጥልቆ መስታወት ፊት ሲቆም የኮሌታው ሁለት ጫፎች እኩል ሆነው አየ። «አንቺ፣ ነይ እስቲ እዪኝ!» ብሎ ከወጥ ቤት ጠራኝ። እኔም በዚያች ቀን ተሸነፍኩልህ። ሸሚዝ ፍለጋ ወጥቼ ባል ይዤ ገባሁ እያልኩ ለሥራ ጓደኞቼ ስቀልድ ከረምኩ። ያንን ሸሚዝ አንተ ራስህ እንደሰፋኸው አልክድም። በደንብ መሥራት እንደምትችል ማወቄ ነው አሁን ይበልጥ የሚያንገሸግሸኝ።

ከዚያ ሥራህ ሰፋ። ዋናው መንገድ ላይ ያለውን ሰፊ ሱቅ ተከራየህ፤ መስታወቱ ላይ «በልክ፣ በጥራት፣ በርካሽ» ብለህ አስጻፍክ። ሰው በሰልፍ መጣ። እኔም ኮራሁብህ። ቤተሰቦቻችን ለሚተዋወቁበት ቀን ለአባባ አዲስ ሸሚዝ አሰፋህለት፤ ነጭ፣ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያለው። በዚያን ቀን አጎትህ ጎን ተቀምጦ በወሬ እንዴት እንደደመቀ አስታውስ! ከዚያ በኋላ ሸሚዙን ከላዩ አላወልቅም አለ። የቀደመው ተሰቅሎ ቀረ።

አንገቱን ማከክ የጀመረው ወዲያው ነው። «ሙቀቱ ነው» አለ። ቆይቶ መሐረብ መጠምጠም አመጣ። «ብርድ መታኝ» አለ። ሙቀትም ብርድም በአንድ ሳምንት? አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ በድንገት ገባሁ። አንገቱ ዙሪያውን ቀልቷል፤ ኮሌታው የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ቆስሎ መግል ይዟል።

«ምነው አባባ? ለምን ደበቅከኝ?»

«ምን ልበልሽ? ‹ልጃችሁ የሰፋልኝ ሸሚዝ አሳከከኝ› ብዬ አማቶችሽን ላሳፍራቸው?»

ሐኪም ጋ ወስጄው፣ መድኃኒት ይዘን ተመለስን። ሸሚዙን በሙቅ ውኃ ዘፈዘፍኩት። ኮሌታው አበጠና አረፋ እንደያዘ ቂጣ ተነፋ፤ ውስጡ የተቀባው ሙጫ ሲለቅ ውኃው ወደ ቢጫ ተለወጠ። ሽታው ከሳፋው ሲወጣ እጄን ከውኃው አወጣሁ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የምሠራ ሴት እንዴት አታውቀው? ሳሙና ቢፈስበት፣ ቢቀቀል፣ ፀሐይ ቢመታው የማይለቅ ሽታ ነው። መድኃኒትና የታመመ ገላ አብረው ሲያድሩ የሚወጣ።

ምላጭ አምጥቼ ኮሌታውን ተረተርኩት።

ገበሩ የአንሶላ ቁራጭ ነበር። ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ እድፍ አለበት፤ የምን እድፍ እንደሆነ አልጽፍልህም፣ አንተም ስትቆርጠው አይተኸዋል። በእድፉ አጠገብ በቀይ ቀለም «ይቃ» የሚል ፊደል ተቀምጧል። የቀረው በመቀስህ ሄዷል። ሙሉው «ይቃጠል» ነው። ከተላላፊ በሽተኛ አልጋ የሚነሳ፣ ሰው ሞቶበት የሚወጣ፣ ታጥቦ የማይጠራ አንሶላ ላይ ያንን ማኅተም የምመታው እኔ ነኝ። በጓንት ይዤ፣ ፊቴን አዙሬ፣ ወደ ማቃጠያው የምልከውን ጨርቅ አንተ አባቴ አንገት ላይ መልሰህ አሰርክልኝ።

ሱቅህ ስመጣ ከኋላ ባለው ክፍል ነበርክ። ዝምተኛ የምትሏት ልብስ ሰፊህ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች። ቁራጩን ጠረጴዛህ ላይ ወረወርኩት። አየኸው። አልደነገጥክም። ብትደነግጥ፣ «ይሄ ከየት መጣ?» ብትል ኖሮ ምናልባት ዛሬ የምጽፈው ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር። አንተ ግን ተነስተህ በሩን ዘጋህ።

«ቀስ በይ፣ ደንበኛ አለ።»

«ይሄ የሆስፒታል አንሶላ ነው።»

«ታጥቧል እኮ።»

«ይቃጠል ብዬ ማኅተም የመታሁበት እኔ ነኝ! ማን ሰጠህ?»

«ማን እንደሰጠኝ ምን ያደርግልሻል? ቀቅለነዋል። ደግሞ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ ማን ያየዋል? ሰው ጥሩም ርካሽም ይሁንልኝ ሲል ከሰማይ የሚወርድ ይመስለዋል? አንድ ቦታ መቀነስ አለበት።»

«የቀነስከው አባቴ አንገት ላይ ነው?»

ያን ጊዜ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ እጄን ይዘህ፣ የሚያጽናና የመሰለህን ነገር ተናገርክ። «የሳቸው በስህተት ነው፣ እምልልሻለሁ። ለቤተሰብ ንጹሑን ገበር ለይቼ ነበር። ሠራተኞቹ ናቸው የቀላቀሉት።»

ስማኝ፤ የተለየሁህ በዚህች ቃል ነው። ንጹሑ ነበረህ ማለት ነው። ለይተህ አስቀምጠኸዋል። ቆሻሻ መሆኑን ሳታውቅ ብትሠራው ሞኝ እልህ ነበር፣ ለሞኝ ደግሞ ይቅርታ አለ። አንተ ግን ቆሻሻው የሚገባውን ሰው እየመረጥክ ነበር የምታለብሰው። እጄን ከእጅህ ሳወጣ በቀሚሴ ጠረግኩት።

ለአባባ ላለመንገር አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ነገርኩት። ከዚያ ተነስቶ፣ ቁስሉ እየደማ፣ አንገቱን በሳሙና ፈተገው። ብለምነው አልተው አለ። በመጨረሻ ፎጣውን ይዞ ቆመና «እኔ እኮ እንዳይከፋው ብዬ ነው ያሳከከኝን የደበቅኩት» አለ። አንተን ልጄ ይል የነበረ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አንተ አንድም ቃል ከአፉ አልወጣም፤ አልረገመህም እንኳ።

በማግሥቱ ቁራጩን ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ። የማቃጠያውን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ለቃጠሎ የምንልከውን ጨርቅ ላንተ እየሸጠ እንደነበር ሳይውል ሳያድር ታወቀ። ሱቅህ ሲታሸግ እዚያው ነበርኩ። አዎ፣ ሆን ብዬ ነው የመጣሁት። ሰዉ ሸሚዙን በፌስታል እያንጠለጠለ በርህ ላይ ተሰብስቦ፣ ምላጭ እየተቀባበለ ኮሌታውን ይተረትር ነበር። አንዷ እናት የልጇን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ኮሌታ ከፍታ አየችና አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጇ ኮሌታውን የማኘክ ልማድ እንዳለው ነገረችኝ። ይህንን አንተም እንድታውቀው እፈልጋለሁ። እኔ ብቻዬን ተሸክሜው አልተኛም።

በቅናት አስዘጋችኝ ማለትህን ሰምቻለሁ። በምንህ ልቅና?

ቀለበትህን ለእህትህ ሰጥቻታለሁ። የሰጠኸኝንም ሽቶ አብሬ ልኬዋለሁ፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሳፋው ነው የሚታየኝ።

ባለፈው እሑድ ዝምተኛዋ ቤታችን መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ መግባት አፈረች። «አይቼ ዝም ያልኩት እንጀራዬ ሆኖብኝ ነው። አሁን ቤቴ ውስጥ ነው የምሰፋው፣ ዋጋዬም አይከብድም። ከፈቀዱልኝ ለአባባ አንድ ሸሚዝ ልስፋ» አለች። እኔ ልመልሳት ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ሱቅ የወጣ ሰው ሁሉ ይቀፈኝ ነበር። አባባ ግን «ትግባ» አለ፤ ሹራቡን አወለቀና ተነስቶ ቆመላት።

ትናንት፣ እህትህ ከሄደች በኋላ፣ ሸሚዙን ይዛ ተመለሰች። ኮሌታው አልተዘጋም ነበር፤ ሆን ብላ ክፍት አድርጋ ነው ያመጣችው። መስኮቱ ጋ ወስዳ ለአባባ ውስጡን ገልብጣ አሳየችው። ገበሩ ነጭ ነው፤ ከተቆረጠበት አዲስ ጨርቅ የተረፈው ብጣሽም በእጇ ነበር።

«ይዩት አባባ። በደንብ ይዩትና ከዚያ እዘጋዋለሁ።»

አባባ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። አየው። በጣቱ ዳሰሰው። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው፤ እሷም ሳትቆጣ ጠበቀችው።

«ዝጊው ልጄ» አላት።

እኔ የምልህ ይኸው ነው። ደጃችን እንዳትመጣ። ሌላ ሱቅ ትከፍታለህ ይላሉ፤ ክፈት። ስትከፍት ግን አስቀድመህ እጅህን ታጠብ።

ከእንግዲህ ምንህም ያልሆንኩት