ድንጋይ ያነሣሁባቸው ጭላዳዎች

ወንድሜ እሸቴ፣

ለፋሲካ የልጅ ልጆቼን ይዤ ጓሳ ፓርክ መጣሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ አጠገባችን ሣር ሲነጩ ሳይ እንደ ልጅነታችን አንኮበር ገብስ የምንጠብቅ መስሎኝ ድንጋይ አንሥቼ ጮኽሁባቸው። መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ሸሸ። የአምስት ዓመቷ ንጋቷ አለቀሰች።

«አባባ፣ እዚህ እኮ ቤታቸው ነው! ቁጭ በልና ዝም በል!»

እኔን ዝም ያሰኘ ሰው እንደሌለ ታውቃለህ። ቁጭ አልኩ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቃል አልተነፈስኩም። ተመለሱ! ባለጎፈሩ አውራ ከጫማዬ ሥር ሣር ነጨ። ንጋቷ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ባለቤትህን ጌጤን ሰላም በልልኝ፤ ጉልበቷን እግዜር ይማርላት። ጭላዳዎቹን የታረቅኋቸው ግን እዚሁ ነው። ማሳህ ላይ ካገኘኋቸው ድንጋዬ እንዳለ ነው። ለንጋቷ እንዳትነግርብኝ።

ወርቁ