መንበሩ ከሸራው ሥር በደህና ወጣ

ጋሼ፣ መንበርዎ አልተቃጠለም። ተፈቅዶልን ወጥቷል፤ ይኸው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ በነጠላ ተሸፍኖ ቆሟል። ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ፤ ስልክዎ አልገባ ብሎኝ ወሬው አፌ ላይ ሲንተከተክ ሰነበተ። ነገ ጎንደር የምትገባ ሠናይት የምትባል ጎረቤቴ ስላለች ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ።

ውድ ወንድሜ ጋሼ ገብረመድህን፣ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? እህተማርያምስ፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ እንዴት ናቸው? ዝናቡስ ጀመረላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ባለቤቴ ካሣሁንም እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ያለው ሱቃችንም ደህና ናቸው። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም።

መንበሩ ኤርፖርት ተያዘ ብዬ ከነገርኩዎ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡ አውቃለሁ። ለታቦታችን ማረፊያ ብለው ዓመት ሙሉ ከዋንዛ የፈለፈሉት ሥራ እሳት ሊበላው ነው ሲባል ማን ይተኛል? ጥፋቱ ግን የሣጥኑ ነበር። እንዳይጋጭ ብለው በባሕር ዛፍ የሠሩለት ሣጥን ልጣጩ አልተነሣም። ኩለሱም የምትባል የዕፅዋት ተቆጣጣሪ ጣውላውን በመዶሻ ቆርቆር ስታደርገው ዱቄት ብን አለ። ልጣጩን ብትገልጠው ነጫጭ ትል ተኝቶበታል። እኔ ክው አልኩ። ካሣሁን ግን ቀልዱን መቼ ይተዋል፣ እኛ ለመኖሪያ ፈቃድ ስንሰለፍ ፀሐይ ሲመታን ይሄ ነቀዝ ያለ ቪዛ ሰተት ብሎ ገባ አለ።

ኩለሱም አልሳቀችም። ከሌላ አገር የመጣ ነቀዝ እዚህ የሚበላው ወፍ፣ የሚያጠፋው በሽታ ላይኖር ይችላል፣ አንዴ ካመለጠ ስንት ደን እንደሚያደርቅ አይታወቅም አለችን። ስለዚህ በጋዝ ይታጠናል፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት ያለ አንድ ነቀዝ እንኳ ከተገኘ ሣጥኑም መንበሩም ይቃጠላሉ። ይህን የሰሙት የሰበካ ጉባኤያችን ሰብሳቢ አቶ ጌታቸው፣ መንበር በዕጣን እንጂ በመርዝ ይታጠናል ወይ ብለው ተቆጡ። ገላጋይ የሆኑት ቄሱ ናቸው። ጳጳሱ እስኪባርኩት ድረስ የገብረመድህን እንጨት ነው፣ ይልቅ ቶሎ አሳጥኑት አሉ።

ጋሼ፣ ያየሁትን በምን ቃል ልንገርዎ። ሣጥኑን ከነመንበሩ ትልቅ ሸራ አለበሱት፤ ዳር ዳሩን አየር እንዳይወጣ እንደ እባብ በረዘሙ የአሸዋ ከረጢቶች ተጫኑት። የሰው ራስ ቅል የተሳለበት ማስጠንቀቂያ ሰቀሉ። ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች በቀጭን ቱቦ ጋዙን ለቀቁት። እኛን ገመድ ወጥረው ከወዲያ አቆሙን። ጭስ የለው፣ ቀለም የለው፣ ምኑም አይታይ። ሸራው ብቻ ትንሽ እብጥ አለ። እኔማ ከዚያ ሥር ምን እየሆነ ይሆን እያልኩ ሸራው ላይ አፈጠጥኩ። የሞት መልአክ ድምፁን አጥፍቶ በእንጨቱ ጅማት ሲመላለስ ነው የታየኝ።

በማግስቱ አናፍሰው፣ አየሩን በመሣሪያ ለክተው ከፈቱት። ኩለሱም የሣጥኑን ጣውላ ፈለጠችው፤ ትሉ ሁሉ በየጉድጓዱ ደርቆ ቀርቷል። ከዚያ ወደ መንበሩ ዞረች። ባትሪ እያበራች እያንዳንዱን ሐረግ፣ እያንዳንዱን መስቀል በጣቷ ዳበሰች። ከኋላ እግሩ ላይ፣ ሐረጉ በሚያልቅበት፣ የመርፌ ዓይን የምታክል ቀዳዳ አገኘች። አንዷ ነቀዝ ከሣጥኑ ተሻግራለች ማለት ነው። አቶ ጌታቸው አንገታቸውን ደፉ። ኩለሱም ቀጭን ሽቦ አስገብታ አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ ጎትታ አወጣች። መዳፏ ላይ አድርጋ በባትሪው ብርሃን ብዙ ቆየችባት፤ በሽቦውም ነካ ነካ አደረገቻት። አልተንቀሳቀሰችም። ሞታለች።

እኔ እኮ ደረቅ ዋንዛ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ፣ ነፍስ ያላትን ብቻ ለይቶ፣ የእርስዎን የመሮ ሥራ አንዲት ጭረት ሳያስነካ የሚወጣ ነገር በዓለም አለ ብለው ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። ፈጣሪ ለሰው ልጅ የሰጠው ጥበብ ስፋቱ! ኩለሱም የመልቀቂያውን ማኅተም ስትመታ፣ ፉንዲው ማነው ብላ ጠየቀችኝ፤ እዚህ ፉንዲ የሚሉት ባለ ሙያውን ነው። ወንድሜ ነው አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። እጁ ይባረክ፣ ግን ለሣጥን ልጣጭ ያለው እንጨት ሁለተኛ አይላክ በይው አለች። ሣጥኑ ልጣጭ ስላለበት አልተለቀቀም፣ ተቃጥሏል፤ እሱ ይቅርብን።

እህተማርያምን በእኔ ስም አንገቷን አቅፈው ይሳሙልኝ። አቤል የመሮውን ሥራ ከአባቱ እግር ሥር ሳይለይ ይማር ይበሉት። ምርቃትን ጉንጯን ይሳሙልኝ፣ አክስትሽ ቀሚስ ገዝታልሻለች ይበሏት። ለጎረቤቶቻችንም ሁሉ በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። አሁን እንግዲህ ወገቤ፣ መንገዱ፣ አውሮፕላኑ የሚል ሰበብ አልሰማም። መንበሩ ወደ መቅደስ ሲገባ የጠረበው ሰው በር ላይ ይቁም ብለው ቄሱም ቆርጠዋል፤ ጳጳሱም ለቡራኬው ቀን ሰጥተዋል። ከነቤተሰብዎ ሁላችሁም እንድትገኙልን፤ ቀኑ እሑድ ሰኔ 10 ነው።

እህትዎ ሠርክዓለም
ናይሮቢ፣ ኢስትሊ
ግንቦት 5 ቀን 1999 ዓ.ም.