ከሾላው ጥላ ይልቅ መቃብሩን ለመረጡ የቦታ መርማሪዎች

ለክቡራን የስልክ ጨዋታው የቦታ ጥቆማ መርማሪዎች፣
አድራሻችሁን ባላውቀውም ባላችሁበት፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናችሁ እንደምን ሰነበተ? ወንበራችሁ ወገባችሁን እንዳያደክም፣ ስክሪናችሁ ዓይናችሁን እንዳያፈዝ፣ ጉልበታችሁም ከቤት እስከ መኪና ለመድረስ እንዳይሰንፍ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በይፋ ለመጻፍ ያስገደደኝ የባለቤቴ እግር ነው።

ስሜ ይታየው ንጉሴ ይባላል። የምኖረው በደቡብ ጎንደር፣ በስማዳ ወረዳ፣ በወገዳ ከተማ ሲሆን፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለመመካት ሳይሆን፣ «አልተሟላም» የሚለውን ቃል እኔም በዘመኔ በብዙ ሰው ማመልከቻ ላይ ስለጻፍኩ፣ ሙያችሁን አሳምሬ እንደማውቅ እንድትረዱልኝ ነው። ልዩነታችን እኔ የመለስኩት ባለጉዳይ መስኮቴ ላይ ቆሞ ፊት ለፊት ይረግመኝ ነበር፤ እናንተን ግን ለመርገም እንኳ ስማችሁ አይታወቅም።

ባለቤቴ ወይዘሮ ቦጋለች ባለፈው ዓመት በኅዳር ደም ግፊት ጥሏት ቀኝ ጎኗ ሰነፈ። ደብረ ታቦር ያያት ባለሙያ ክኒኑን ካዘዘላት በኋላ፣ ዋናው መድኃኒት መራመድ እንደሆነ፣ በየሳምንቱ መንገዷን እያስረዘመች ካልሄደች እግሯ ተመልሶ እንደሚተሳሰር አስጠነቀቀን። ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኛ አገር ግን ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም። ከደጁ የወጣን ሰው ያገኘው ሁሉ «ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለማኅበር ወይም ለወፍጮ የሚል መልስ ከሌለው ወይ ከቤቱ ተጣልቷል ወይ ቀልቡን ስቷል ማለት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ባዶ እጇን መንገድ ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ «ወዴት ነው ቦጌ?» ሲሏት «ወደ የትም» ብላ እንድትመልስ ነበር የታዘዘላት። «ምን ጉዳይ አለኝ ብዬ እንደ እብድ እዞራለሁ? ስሜ ከሚጠፋስ እግሬ ይቅር» ብላ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት ወር ሙሉ ተቀመጠች።

መካነ ኢየሱስ ከተማ በነርስነት የምትሠራው ልጃችን ርብቃ ናት ጨዋታችሁን በእናቷ ስልክ ላይ የጫነችላት። ጨዋታው በካርታው ላይ ምልክት ወዳለበት ቦታ በእግር ሄዶ የጠፋ መብራት ማብራት ነው፤ ስሙ ለምላሳችን ስለከበደ እኛ ቤት «ኩራዙ» ነው የሚባለው። በከተማችን የነበረው ምልክት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም መናኸሪያው አጠገብ የቆመው የእንኳን ደህና መጣችሁ ሰሌዳ ነው። ቦጋለች ምርኩዟን ይዛ እዚያ ለመድረስ በመጀመሪያው ቀን ስድስት ጊዜ አርፋለች። «ወዴት ነው?» ላላት ሁሉ ግን «ኩራዝ ላበራ ነው» የሚል መልስ ነበራት። ሰፈሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በወሩ ደግሞ ሰላምታው ሁሉ «በራ ወይ ቦጌ?» ሆነ። ለዚህ ከልብ አመሰግናችኋለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለው እውነተኛ ምስጋና ይኸው ብቻ ስለሆነ በደንብ ያዙት።

ሰሌዳው ዘንድ ሳታርፍ መድረስ ስትጀምር መንገዱ መርዘም ነበረበት። ጨዋታችሁ ተጫዋቹ ራሱ አዲስ ቦታ ፎቶ አንሥቶና መግለጫ ጽፎ እንዲጠቁም፣ እናንተም መርምራችሁ እንድታጸድቁ ስለሚፈቅድ፣ ከእግሯ አቅም ጋር እያመጣጠንኩ አራት ቦታ መርጬ አቀረብኩ። የደረሰብኝን በተራ ቁጥር አሰናድቼዋለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና።

፩ኛ፦ የሾላው ጥላ። ከቤታችን አራት መቶ እርምጃ ይሆናል። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የድንበር ክርክር የሚያልቅበት፣ ደም የሚደርቅበት ቦታ ነው። ፎቶ ላነሣ ስሄድ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነበር፤ ስልኬን ሳወጣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተሰለፉልኝ፣ እኛ ዘንድ ሰው የሌለበት ፎቶ የጠፍ ቤት ፎቶ ነውና። «ሰዎች ስለሚታዩ ተቀባይነት የለውም» ብላችሁ መለሳችሁት። እኔም መመሪያችሁን አክብሬ ተመልሼ ሄድኩና፣ የሰማንያ አራት ዓመቱን አያ ብርሃኔን ጨምሮ ሰባት ሽማግሌዎች ለአፍታ ከጥላቸው ወደ ፀሐይ እንዲወጡልኝ ለመንኩ። አያ ብርሃኔ ምርኩዛቸውን በእጃቸው እየዳበሱ «እኛ ከሌለንበት ምኑን ልታሳያቸው ነው ልጄ?» አሉኝ። ባዶውን ሾላ ላክሁ። ለጥያቄያቸው መልስ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ፦ «ዛፍ ነው፤ ከሌሎች ዛፎች የሚለየው ነገር አይታይም።» ከሌሎች ዛፎች የሚለየውን ነገርማ ለእናንተ ብዬ ፀሐይ ላይ አቁሜው ነበር። እስከ ዛሬ በዚያ የማልፈው አንገቴን ደፍቼ ነው።

፪ኛ፦ የገበያው ሜዳ። በገበያ ቀን ባነሣው ሰውና በሬ፣ ገብስና ባቄላ ተደበላልቆ «ሰዎች ይታያሉ» እንደምትሉኝ ከሾላው ተምሬአለሁና፣ ገበያ በማይውልበት ቀን ሄጄ አነሣሁት። «ባዶ ሜዳ» አላችሁኝ። ልክ ናችሁ፤ ሰው የሌለበት ገበያ ባዶ ሜዳ ነው፣ ሰው ያለበት ገበያ ደግሞ በእናንተ ሕግ ክልክል ነው፤ ስለዚህ በዓለም ላይ ገበያ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ከሜዳው ዳር ሱቅ ያላት ጨውና በርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሰውዳ ጉዳዩን ስነግራት አዝና፣ «ወላሂ እኔ ቀን አልመርጥም፣ ሁሌም እዚሁ ነኝ፤ የሱቄን በር አንሣና ላክላቸው» አለችኝ። ላክሁ። «የንግድ ማስታወቂያ» ብላችሁ መለሳችሁትና ለሰባት ቀን ጥቆማ እንዳልልክ ቀጣችሁኝ። ቅጣቱን ያለ ይግባኝ ፈጽሜአለሁ።

፫ኛ፦ የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ። የዜማ ማስመስከሪያ ወደሆነው ደብር ወደ ቤተ ልሔም ሄደው ድጓ ያስመሰከሩት የኔታ ሙሉዓለም የሚያስተምሩበት ነው። «ጊዜያዊ መጠለያ» ብላችሁ ጻፋችሁ። እርግጥ ነው፣ የጎጆው ሣር በየጊዜው ይቀየራል፣ ተማሪዎቹም ይመጣሉ ይሄዳሉ። እዚያ የሚዜመው ግን የእናንተ ድርጅት ሳይታሰብ፣ የእኔም አያት ሳይወለድ ሲዜም የነበረ ነው። ለየኔታ ባስረዳቸው «ጊዜያዊ ያልሆነ ምን ኖሮ ነው?» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። እኔ የእርሳቸው ትዕግሥት ስለሌለኝ ስበሳጭ ሰነበትኩ።

፬ኛ፦ የእንጨት ድልድዩ። «ለእግረኛ ደህንነት አጠራጣሪ» ብላችኋል። ስለ ደህንነታችን መጨነቃችሁ አንጀቴን በልቶታል። ከማዶ ያሉ ሰዎች ወላድ በቃሬዛ የሚያሻግሩት በእርሱ ላይ ነው፤ ሌላ ድልድይ ካያችሁልን ጠቁሙን።

አምስተኛውን በቁጥር ለማስገባት እጄ እምቢ ብሎኛል። በአራተኛው መልሳችሁ ግርጌ ምን ዓይነት ቦታ እንደምትወዱ በደግነት ዘርዝራችሁልኝ ነበር፦ ቋሚ የሆነ፣ ከድንጋይ ወይም ከሲሚንቶ የተሠራ፣ ጽሑፍ የተቀረጸበት፣ ሰው የማይታይበት። ይህን ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ በንዴት ጥርሴን ነክሼ ከተማውን ዞርኩ። ሁሉንም የሚያሟላ አንድ ነገር አገኘሁ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ በአንድ ሟች ነጋዴ መቃብር ላይ የቆመ የእምነ በረድ ሐውልት። ለመሳለቅ ብዬ፣ ይህንንስ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱት ለማየት ብዬ ላክሁት። መግለጫው ላይም «ጸጥታ የሰፈነበት፣ ማንም ተነሥቶ የማይሄድበት» ብዬ ጻፍኩ። ከላክሁት አራት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው አጸደቃችሁት። «እጅግ መልካም ጥቆማ» ብላችሁም ኮከብ ሸለማችሁኝ።

አዲስ ቦታ ሲከፈት በአካባቢው ላለ ተጫዋች ሁሉ በስልክ እንደምታበሥሩ አላወቅሁም ነበር። እኔ ወፍጮ ቤት እያለሁ የቦጋለች ስልክ ጮኸ። ፊደል ስለማትቆጥር የተከተለችው ምልክቱን ብቻ ነው። መንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ሲገባት ነጠላዋን ለውጣ፣ «ዛሬስ ሩቅ ነው የማበራው» እያለች በደስታ ወጣች ብለው ጎረቤቶች ነገሩኝ። ከታመመች ወዲህ ያን ያህል ርቃ አታውቅም። እየሮጥኩ ስደርስ ሐውልቱ ሥር ስልኩን ይዛ ቆማ ነበር፤ ኩራዙም በርቷል። «እስከዚህ ድረስ ነው ነይ የተባልኩት?» አለችኝ። ጥቆማውን የላክሁት እኔ መሆኔን እዚያው ልነግራት ይገባ ነበር፤ ፈራሁ። ይህ ደብዳቤ ሲወጣ ሰው ያነብላታል፤ ትስማው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ሦስት ሳምንት ሆነ። እግሯ እንደገና እየተሳሰረ ነው፤ ርብቃ መጥታ ስታሸው ጥርሷን ትነክሳለች። «በራ ወይ?» የሚል መንገደኛ ሲያልፍ ፊቷን ታዞራለች። «ተይው ስልኩን፣ ሾላው ድረስ እንሂድ» ብላት፣ ክስ የሌላት ሴት ሾላ ሥር ምን ትሠራለች ብላ ትጠይቀኛለች። ጥፋቱ የእኔም እንደሆነ አልክድም፤ ተቃጥያለሁ፣ አፍሬአለሁ። ነገር ግን እኔ ያን ሐውልት የላክሁት ደሜ ፈልቶ ነው፤ እናንተ ያጸደቃችሁት ተረጋግታችሁ ነው። እንድትሰርዙት ሦስት ጊዜ ጽፌ «ቦታው መስፈርቱን ያሟላል» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ሦስት ጊዜ ደርሶኛል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ሐውልቱን ከካርታው ላይ አንሡልኝ። ሾላውንም፣ ከነሽማግሌዎቹ፣ አጽድቁልኝ። ባለሙያው እንዳለን እግሯ ከዚህ በላይ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ የሚመለስ አይሆንም፤ እንደ እናንተ መመሪያ የሚቀጥለውን የሩብ ዓመት ግምገማ አይጠብቅም።

ለወንበራችሁ ምቾት፣ ለመመሪያችሁ ጽናት፣ በሰው ፊት ለማይደክመው ጥንቃቄያችሁ ያለኝን አድናቆት ደግሜ እየገለጽኩ፣ እግራችሁ ዘወትር የሚሄድበት ጉዳይ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣

ከማያቋርጥ አክብሮት ጋር፣
ይታየው ንጉሴ
ቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ አሁን የወይዘሮ ቦጋለች አስታማሚ
ወገዳ፣ ስማዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ መልእክታችሁ ደረሰኝ። ስላጸደቃችሁልኝ ሐውልት ማበረታቻ እንዲሆነኝ የሌሎችን ጥቆማ እንድመረምር መብት ሰጥታችሁኛል፤ በጡረታዬ ወደ ቀድሞ ሥራዬ ስለመለሳችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ በሐይቅ ዳር ያለ አሮጌ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ሆኖ፣ በላዩ ላይ ዘወትር እዚያ ትቀመጥ ለነበረች ሴት መታሰቢያ መሆኑን የሚገልጽ ትንሽ ብረት ተለጥፎበታል። በፎቶው ላይ ማንም የለም። ሳላመነታ አጸደቅሁት፤ አንዲት ሴት የተቀመጠችበት ስፍራ ቦታ ለመባል መጀመሪያ እርሷ መሞት እንዳለባት ከእናንተ ተምሬአለሁና። የእኔዋ ገና በሕይወት ስላለች፣ የምትቀመጥበትን ደጃፍ ለመጠቆም አልደፈርኩም።